የሞቃዲሾ ውጊያ

የሞቃዲሾ ውጊያ ከመስከረም 23 እስከ 24 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 እና 4 ቀን 1993) በሶማሊያ ዋና ከተማ በሞቃዲሾ የተካሄደ የከተማ ውስጥ ውጊያ ነው። ተዋጊዎቹ በአንድ በኩል የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች፣ በሌላ በኩል የጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድ ታጣቂዎችና መሣሪያ ይዘው የወጡ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ። ዕቅዱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሁለት የአይዲድ አማካሪዎችን ይዞ መመለስ ነበር። ሁለት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች ተመትተው ከወደቁ በኋላ ግን ውጊያው እስከ ማግሥቱ ጠዋት ቀጠለ። 18 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ፣ ከ70 በላይ ቆሰሉ። ሊረዳ ከመጣው ጦር ደግሞ አንድ የማሌዥያ ወታደር ተገደለ። የሞቱት ሶማሊያውያን ቁጥር እስከ ዛሬ በትክክል አይታወቅም። ግምቶቹ ከጥቂት መቶዎች ተነስተው ከአንድ ሺህ በላይ ይደርሳሉ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ።

ሶማሊያውያን ዕለቱን «ማሊንቲ ሬንጀርስ» (የሬንጀሮቹ ቀን) ይሉታል። በሌላው ዓለም ውጊያው የሚታወቀው በይበልጥ «ብላክ ሆክ ዳውን» በተባለው ፊልም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

የሲያድ ባሬ መንግሥት በጃንዋሪ 1991 ሲወድቅ፣ እርሱን የጣለው የተባበሩት የሶማሊያ ኮንግረስ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ዓሊ ማህዲ መሐመድን፣ ግማሹ ጄኔራል አይዲድን ተከትሎ ሞቃዲሾን በመድፍ አፈራረሷት። ጦርነቱ ድርቁን አባብሶ በ1992 ከፍተኛ ረሃብ አስከተለ፣ የእርዳታ እህልም በታጣቂዎች ይዘረፍ ጀመር። በዲሴምበር 1992 በአሜሪካ የሚመራ ብዙ ሺህ ጦር የእርዳታውን መንገድ ለማስከፈት ገባ። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ በአብዛኛው ተሳክቶለታል፤ እህሉ ወደ ተራቡት ደርሷል። በማርች 1993 ደግሞ 15 የሶማሊያ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተኩስ ማቆምና ትጥቅ የማስፈታት ስምምነት ፈረሙ።

በሜይ 1993 ኃላፊነቱ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት (ተመድ) ሲተላለፍ ሥራው ተለወጠ። ዓላማው እርዳታ ማድረስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ትጥቅ ማስፈታትና መንግሥት ማቋቋም ሆነ። አይዲድ ይህን በእርሱ ላይ የተቃጣ አድርጎ አየው። ጁን 5 ቀን የመሣሪያ ግምጃ ቤቶችን ሲፈትሹና እርዳታ ሲጠብቁ የነበሩ 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ። የጸጥታው ምክር ቤት በማግሥቱ ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 837 ጥፋተኞቹ እንዲያዙ አዘዘ። የተመድ ልዑክ የነበሩት ጡረተኛው አድሚራል ጆናታን ሃው አይዲድን ላስያዘ 25,000 ዶላር እንደሚከፈል አስታወቁ። ሰላም ለማስከበር የገባው ጦር በዚህ መንገድ ከአንዱ ተፋላሚ ወገን ጋር ጦርነት ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው በብዙ ትረካዎች ውስጥ ይዘለላል፤ የከተማውን ሕዝብ ቁጣ ለመረዳት ግን ከሁሉም በላይ አስፈላጊው ይኸው ነው። ጁላይ 12 ቀን የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች የአይዲድ ወገኖች የተሰበሰቡበትን ቤት በፀረ ታንክ ሚሳይሎችና በመድፍ ደበደቡ። በቤቱ ውስጥ ከወታደራዊ ሰዎች ጋር የጎሳ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ቀይ መስቀል የሟቾቹን ቁጥር 54 ሲያደርሰው፣ አሜሪካውያኑ ከዚያ በጣም ያነሰ ቁጥር ሰጡ። የተቆጣው ሕዝብ ሁኔታውን ሊዘግቡ የመጡ አራት የውጭ ጋዜጠኞችን ገደለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአይዲድ ግድ ያልነበራቸው ብዙ የሀበር ጊዲር ጎሳ አባላት ከዚህ በኋላ ጦርነቱን የራሳቸው አደረጉት።

በኦገስት አራት አሜሪካውያን ወታደሮች ከርቀት በሚፈነዳ ፈንጂ ሲሞቱ፣ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ወደ 440 የሚጠጉ የልዩ ኃይል አባላትን ላኩ። «ታስክ ፎርስ ሬንጀር» የተባለው ይህ ጦር ዴልታ ፎርስን፣ ሬንጀሮችንና የ160ኛውን ልዩ የአየር ክፍለ ጦር አብራሪዎች ያካተተ ሲሆን፣ አዛዡ ሜጀር ጄኔራል ዊልያም ጋሪሰን ነበሩ። ይህ ጦር በተመድ ዕዝ ሥር አልነበረም።

ስድስት ጊዜ የታየ ዕቅድ

ጦሩ ከኦክቶበር 3 በፊት ስድስት ዘመቻዎችን አካሂዶ ነበር። አንዳንዶቹ ተሳክተዋል፤ ለምሳሌ የአይዲድ ዋና የገንዘብ ምንጭ የነበረው ኦስማን ዓቶ በሴፕቴምበር ተይዟል። አፈጻጸሙ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ትንንሾቹ ሄሊኮፕተሮች ዴልታዎችን ቤቱ ላይ ያወርዳሉ። ሬንጀሮች ከብላክ ሆክ በገመድ ወርደው አራቱን ማዕዘን ይዘጋሉ። በመጨረሻም የመኪና ኮንቮይ መጥቶ እስረኞቹንና ወታደሮቹን ጭኖ ይመለሳል።

ሶማሊያውያኑ ይህን በጥሞና ተመልክተዋል። የአካባቢው ታጣቂዎች አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ሸሪፍ ሐሰን ጁማሌ በሶቪየት ኅብረት የሠለጠነ መኮንን ነበር። የጠላቱ ብርታት ሄሊኮፕተሩ መሆኑን፣ አንዱ ከወደቀ ደግሞ አሜሪካውያኑ ጓዶቻቸውን ጥለው እንደማይሄዱና ስለዚህም አንድ ቦታ ላይ ተተክለው እንደሚቀሩ አስቧል። አር.ፒ.ጂ. የተሠራው ለታንክ ነው። ወደ ሰማይ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚወጣው እሳት ከመሬት ተመልሶ ተኳሹን ሊያቃጥል ይችላል። ታጣቂዎቹ ለዚህ ጉድጓድ መቆፈርንና ቱቦውን ማስተካከልን የመሳሰሉ መላዎችን አግኝተው ነበር። ሴፕቴምበር 25 ሌሊት አንድ ብላክ ሆክ በአር.ፒ.ጂ. ወድቆ ሦስት ወታደሮች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ግልጽ መሆን ነበረበት፤ የዘመቻው አካሄድ ግን አልተቀየረም።

በዚያው በሴፕቴምበር በሶማሊያ የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ቶማስ ሞንትጎመሪ ታንክና ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀው ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሌስ አስፒን አልፈቀዱም። ዋሽንግተን በሶማሊያ ያላትን ጦር ልትቀንስ በምታስብበት ወቅት ታንክ መላክ ተቃራኒ መልእክት ያስተላልፋል ተብሎ ነበር። ኤ.ሲ.-130 የተባለው ባለ መድፍ አውሮፕላንም ከጦሩ ጋር አልተላከም።

የኦክቶበር 3 ዘመቻ

ዕለቱ እሑድ ነበር። ሁለት የአይዲድ ከፍተኛ አማካሪዎች በበካራ ገበያ አጠገብ፣ ከኦሊምፒክ ሆቴል አካባቢ በሚገኝ ቤት እንደሚሰበሰቡ መረጃ መጣ። የበካራ ሰፈር የአይዲድ ደጋፊዎች እምብርት በመሆኑ በቀን ብርሃን መግባት አደገኛ እንደሆነ አዛዦቹም ያውቁ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ 19 አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር፣ 12 ተሽከርካሪዎችና 160 ያህል ወታደሮች ተንቀሳቀሱ። ቶሎ እንመለሳለን ብለው ብዙዎቹ የውኃ ኮዳቸውንና የሌሊት መመልከቻ መነጽራቸውን በሠፈሩ ትተው ወጡ።

የመያዙ ሥራ ራሱ ተሳክቷል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚፈለጉትን ጨምሮ 24 ሰዎች ተያዙ። አንድ ወጣት ሬንጀር ከገመድ ላይ ከ20 ሜትር ያህል ከፍታ ወድቆ ክፉኛ በመጎዳቱ ሦስት መኪናዎች ይዘውት ቀድመው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የጎማ ጭስ ከየመንደሩ ይወጣ ጀመር፤ ታጣቂዎች የሚጠራሩበት ምልክት ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ «ሱፐር 61» የሚል መጠሪያ የነበረው ብላክ ሆክ ጭራው ላይ ተመትቶ ከዒላማው ቤት ጥቂት መንደሮች ርቆ ወደቀ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ሱፐር 64» በተመሳሳይ መንገድ ተመትቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ሌላ ሰፈር ወደቀ።

ዕቅዱ ለአንድ ሄሊኮፕተር መውደቅ መልስ ነበረው። የተዘጋጀው የነፍስ አድን ቡድን ወዲያው በገመድ ወርዶ የመጀመሪያውን ስብርባሪ ከበበ። ለሁለተኛው ግን የቀረ ቡድን አልነበረም። ከአየር ሁኔታውን ሲመለከቱ የነበሩት ሁለት የዴልታ አልሞ ተኳሾች፣ ጋሪ ጎርደንና ራንዲ ሹጋርት፣ ብቻቸውን እንዲወርዱ ደጋግመው ጠየቁና በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ጥይታቸው እስኪያልቅ ተዋግተው ሞቱ። ሁለቱም በ1994 የአሜሪካ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ከሞት በኋላ ተሰጣቸው። አብራሪው ማይክል ዱራንት ተማርኮ ከ11 ቀናት በኋላ ተለቀቀ።

መንገድ የጠፋው ኮንቮይ

በዚህ ውጊያ ውስጥ በብዛት የሚጠናው የሌተናል ኮሎኔል ዳኒ ማክናይት ኮንቮይ ጉዳይ ነው። ኮንቮዩ እስረኞቹን እንደጫነ ወደ መጀመሪያው ስብርባሪ እንዲሄድ ታዘዘ። ርቀቱ በእግር እንኳ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ሆኖም መኪኖቹ ሳይደርሱበት ለረጅም ጊዜ በጥይት መካከል ሲንከራተቱ ቆዩ፤ አንዳንዴም በተተኮሰባቸው መንገድ ተመልሰው አለፉ። ከዕለቱ የአሜሪካ ሟቾች አንዳንዶቹ የወደቁት በዚህ ጉዞ ላይ ነው።

ምክንያቱ የመረጃ እጥረት አልነበረም። ከላይ የባሕር ኃይሉ ኦራይን የተባለ ቃኚ አውሮፕላን ነበር፤ ሄሊኮፕተሮችም ነበሩ። በማዘዣው ክፍል ጄኔራል ጋሪሰን ሁሉንም ነገር በቀጥታ በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተሉ ነበር። መንገዱን ከሁሉ የተሻለ ያይ የነበረው ቃኚ አውሮፕላን ግን ኮንቮዩን በቀጥታ ማናገር አይችልም። «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ወደ ማዘዣው ክፍል፣ ከዚያ ወደ አዛዦቹ ሄሊኮፕተር፣ ከዚያ ወደ ማክናይት ይተላለፋል። መልእክቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው መታጠፊያውን አልፎታል፤ ሾፌሩም በሚቀጥለው መታጠፊያ፣ ማለትም በተሳሳተው፣ ይታጠፋል። የሴኮንዶች መዘግየት በየመስቀለኛ መንገዱ እየተደመረ ኮንቮዩን ከታሰበለት መንገድ አወጣው። በኔትወርክ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ችግር በቀላሉ ያውቀዋል፦ መረጃው ትክክል ቢሆንም ዘግይቶ ሲደርስ ስሕተት ይሆናል፤ በመካከል የሚያስተላልፍ ሰው በጨመረ ቁጥርም መዘግየቱ ያድጋል።

ሁለተኛው ሄሊኮፕተር ሲወድቅ ግራ መጋባቱ ባሰ። ከላይ መንገድ ከሚያሳዩት አንዳንዶቹ ኮንቮዩ ወደ ሁለተኛው ስብርባሪ የሚሄድ መስሏቸው ወደዚያ ሲመሩት፣ ማክናይት ግን የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነበር። ሁለቱም ወገን «የወደቀው ሄሊኮፕተር» እያለ ስለ ተለያየ ቦታ ያወራል። በመጨረሻ ቁስለኞቹ ከተሽከርካሪዎቹ አቅም በላይ ስለሆኑ ኮንቮዩ ስብርባሪዎቹ ጋ ሳይደርስ ወደ አየር ማረፊያው ተመለሰ።

ሌሊቱ

ወደ 100 የሚጠጉ ወታደሮች በመጀመሪያው ስብርባሪ ዙሪያ በሚገኙ ቤቶች ውስጥ ታግተው አደሩ። የቤቶቹ ባለቤቶች ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ነበሩ። ትንንሾቹ ሄሊኮፕተሮች ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሱ በመተኮስ ታጣቂዎቹን አራቁ፤ ያለ እነርሱ የተከበቡት መትረፋቸው አጠራጣሪ ነበር።

ሊያወጣቸው የሚችል ብረት ለበስ የነበራቸው ፓኪስታናውያንና ማሌዥያውያን ነበሩ። ስለ ዘመቻው አስቀድሞ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። ስለዚህ አሜሪካውያን፣ የፓኪስታን ታንከኞችና የማሌዥያ ሾፌሮች የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ ዕቅዱን በአንድ ካርታ ላይ ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው። ይህ ሰዓታት ፈጀ። አጋዥ ጦሩ ከወደቡ የተነሣው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን ተከበው ወደነበሩት የደረሰው ወደ 8 ሰዓት ገደማ ነው። እንደ ደረሱም መሄድ አልቻሉም፤ የአብራሪው አስከሬን ከስብርባሪው እስኪወጣ ድረስ እስከ ንጋት ጠበቁ። በተሽከርካሪዎቹ ውስጥ ቦታ ያጡት ወታደሮች የተወሰነውን መንገድ በእግር እየሮጡ ወጡ። ጠዋት ሁሉም የፓኪስታን ጦር በሚገኝበት ስታዲየም ደረሱ።

ከውጊያው በኋላ

የአሜሪካውያን አስከሬን በመንገድ ላይ ሲጎተት የሚያሳዩት ምስሎች በየቴሌቪዥኑ ታዩ። ጋሪሰን ለክሊንተን በእጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ሙሉውን ኃላፊነት ወሰዱ። ኦክቶበር 7 ቀን ክሊንተን ጦሩ እስከ ማርች 31 ቀን 1994 እንደሚወጣ አስታወቁ፤ እስከዚያው ግን ተጨማሪ ጦር ላኩ፣ ቀደም ሲል የተከለከሉት ታንኮችም አብረው መጡ። አስፒን በዲሴምበር ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ተነገረ።

አይዲድን ማሳደዱም ቆመ። በዲሴምበር 1993 የሶማሊያ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ለንግግር ሲቀመጡ፣ አይዲድ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን ተሳፍሮ ነበር። ልጆቻቸውን ያጡ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ይህን ሲሰሙ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንዴት ከተፈላጊነት ወደ እንግድነት ተለወጠ ብለው መጠየቃቸው አይደንቅም። አይዲድ በኦገስት 1996 በሞቃዲሾ በውጊያ በደረሰበት ቁስል ሞተ።

የውጊያው ጥላ ከሶማሊያ ውጭም ደረሰ። የአሜሪካ ጦር በማርች 1994 መጨረሻ ሶማሊያን ለቅቆ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ተጀመረ። ዋሽንግተን ወደ ሌላ የአፍሪካ ጦርነት ላለመግባት ወስና ስለነበር በኪጋሊ የነበረውን አነስተኛ የተመድ ጦር ማጠናከርን አልደገፈችም። ኦሳማ ቢን ላደንም በ1996 ባወጣው መግለጫ ሞቃዲሾን አሜሪካ ጉዳት ሲደርስባት ትሸሻለች ለሚለው ክርክሩ ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰው።

ወታደሮቹ የወሰዱት ትምህርት

የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ አባላት ጆን ዋርነርና ካርል ሌቪን በ1995 ባቀረቡት ሪፖርት የታንኩንና የኤ.ሲ.-130ውን መከልከል ነቅፈዋል። በጦሩ ውስጥ ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው በሕክምና በኩል ነው። በዚያ ሌሊት አንድ ወታደር ጭኑ ላይ ተመትቶ ጓዶቹ ለሰዓታት ሊያተርፉት ከታገሉ በኋላ ደሙ ፈስሶ ሞቷል። በዘመኑ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ (ቱርኒኬት) እንደ መጨረሻ አማራጭ ይታይ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሬንጀሮች እያንዳንዱ ወታደር፣ ሐኪምም ባይሆን፣ የቆሰለ ጓዱን ደም የማቆም ሥልጠና እንዲወስድ አደረጉ፤ ቱርኒኬትም ቀስ በቀስ የእያንዳንዱ ወታደር መያዣ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጦርነቶች ብዙ ሕይወት ያተረፈው ይህ ነው። ለብዙ ሰው ከሄሊኮፕተሩ ያነሰ ትኩረት ቢስብም፣ ከዚያ ቀን ከወጡት ትምህርቶች ሁሉ ውጤቱ በግልጽ የሚለካው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ፊልሙ

ጋዜጠኛው ማርክ ቦውደን ታሪኩን በ1997 «ፊላደልፊያ ኢንኳየረር» በተባለው ጋዜጣ በተከታታይ አወጣው፤ በ1999 መጽሐፍ ሆነ። ቦውደን ወደ ሞቃዲሾ ሄዶ ሶማሊያውያንን በማነጋገሩ መጽሐፉ የሁለቱንም ወገን ድምፅ ይዟል። በ2001 በሪድሊ ስኮት አዘጋጅነት የወጣው ፊልም ግን ይህን ሚዛን አልጠበቀም። ቀረጻው የተካሄደው በሞሮኮ፣ በራባትና በሳሌ ከተሞች ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እውነተኛ ሄሊኮፕተሮችንና አብራሪዎችን ሰጥቷል። ፊልሙ በአርትዖትና በድምፅ ሁለት ኦስካሮችን አግኝቷል።

በወታደራዊ ዝርዝሩ ፊልሙ በአብዛኛው ታማኝ ነው፦ የገመዱ አወራረድ፣ የተረሱት መነጽሮች፣ የሁለቱ አልሞ ተኳሾች ልመና፣ የኮንቮዩ መንከራተት ሁሉ አሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዙ ሰዎች ወደ ጥቂት ገጸ ባሕርያት ተጨምቀዋል። መጨረሻው ላይ የሚታየው «የሞቃዲሾ ማይል» እየተባለ የሚጠራው ሩጫ እስከ ስታዲየሙ በር የተዘረጋ ቢመስልም፣ ወታደሮቹ የሮጡት መኪና እስኪያገኙ ድረስ ነበር።

ከባዱ ጉድለት በሌላ በኩል ነው። ፊልሙ በረሃቡና በፓኪስታናውያኑ መገደል ይጀምርና የጁላይ 12ቱን ድብደባ ይዘለዋል። ስለዚህ ተመልካቹ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለምን መሣሪያ ይዞ ወደ ጥይቱ እንደሚሮጥ ሊገባው አይችልም። ሕዝቡ ያለ ምክንያት የሚጠላ የሰው ጎርፍ ሆኖ ይታያል። ከዋና ተዋንያኑ መካከል አንድም ሶማሊያዊ አልነበረም። በሕይወት የነበረው ኦስማን ዓቶ በፊልሙ ላይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሆኖ መቅረቡን ጨምሮ ስለ እርሱ የታየውን ተቃውሟል፤ ፈቃዱንም የጠየቀው አልነበረም። ፓኪስታናውያንና ማሌዥያውያንም ቅር ተሰኝተዋል። ጄኔራል ፔርቬዝ ሙሻራፍ የአገራቸው ጦር ድርሻ መዘለሉን በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። በ2002 መጀመሪያ የፊልሙ ሕገ ወጥ ቅጂ በሞቃዲሾ ሲታይ ደግሞ ተመልካቾቹ ሄሊኮፕተሮቹ በወደቁ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር።

ማሌዥያውያን በ2023 «ማልባት፦ ሚሲ በካራ» በሚል ርእስ የራሳቸውን ፊልም ሠርተዋል። በ2025 ኔትፍሊክስ ያወጣው ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ደግሞ የሪድሊ ስኮት ድርጅት የተሳተፈበት ሲሆን፣ የአሜሪካ ወታደሮችን፣ የቀድሞ የአይዲድ ታጣቂዎችንና በዚያ ቀን ቤተሰቦቻቸውን ያጡ የሞቃዲሾ ነዋሪዎችን አቅርቧል።